ከአርባ ስድስቱ ልጆች ስንቱ ቤቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ ልጆችን ከጎዳና አንሥቶ ከቤተሰብ ጋር በሚያቀላቅል ማእከል ሶሻል ወርከር ሆኜ ስሠራ ይህ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የምርምር ዘዴ ትምህርትን ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ፤ ውጤቴም ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ሥራ አስኪያጃችን ‹የምንሠራው ሥራ ለውጥ አምጥቷል?› ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። ካለፈው ዓመት መስከረም ወዲህ 46 ልጆችን ወደ ቤታቸው መልሰናል። በቅርቡ ለሁሉም ስደውል 31 ቤተሰቦችን አገኘሁ፤ 27ቱ ልጁ ቤት እንዳለ ነገሩኝ። በሪፖርቱ ላይ 87 በመቶ ስኬት ብዬ ጻፍሁ፤ ልቤ ግን አላመነበትም። ጉዳዩን የመመረቂያ ጽሑፌ ላደርገው ብጠይቅ አማካሪዬ 46 ሰው ለናሙና አይበቃም፣ 385 ያስፈልጋል አሉኝ። ሒሳብ ስለሚከብደኝ ወደ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ብዞር ይቀለኛል? ወይስ ከፍዬ የኤስፒኤስኤስ ሥልጠና ልግባ?»

ሥልጠናውን ይተዉት። ኤስፒኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ፣ የሰጡትን ቁጥር የሚደምርና የሚያካፍል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። 27ን ለ31 አካፍል ቢሉት እርሱም 87 በመቶ ብሎ ይመልስልዎታል፤ የእርስዎ ልብ ያላመነውን እርሱ ያለ ጥርጣሬ ያምናል። ስሕተቱ የተሠራው ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ከዚያው ከ87 እንነሣ።

የመለሷቸው ልጆች 46 ሆነው ሳለ ያካፈሉት ለ31 ነው። አሥራ አምስት ልጆች ከሪፖርቱ ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ ወጥተዋል። እንዲህ ስናሰላ «ስልካቸው ያልሠራ ቤተሰቦች ስልካቸው ከሠራው አይለዩም» እያልን ነው፤ ማለታችንን ግን አናውቀውም። እውን አይለዩም? ስልክ ለምን ይዘጋል? ተሽጦ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ኪራይ አቅቶት ሰፈር ለቆ ይሆናል፤ እናት ሥራ ፍለጋ ርቃ ሄዳ፣ አባት ታስሮ ወይም ታሞ ይሆናል። ልጁን መጀመሪያውኑ ጎዳና ያወጣው ምን እንደ ነበር ፋይሉን ገልጠው ይዩት፤ ብዙ ጊዜ እነዚሁን ነው የሚያገኙት። ስልኩን ያዘጋው ችግር ልጁንም ዳግመኛ ከቤት ሊያስወጣ ይችላል። እርግጥ ኔትወርክ የማይደርስበት ገጠር ስለሚኖር ብቻ ያልተገኘ፣ ከአያቱ ጋር ደኅና ሆኖ የተቀመጠ ልጅም ይኖራል። የቱ የየትኛው እንደሆነ ግን በግምት አይታወቅም።

በእጅዎ ያለው መረጃ የሚፈቅደው መልስ ይህ ነው። የጠፉት 15 ልጆች ሁሉም ቤታቸው ቢሆኑ ከ46ቱ 42ቱ፣ ማለትም 91 በመቶ ገደማ ተሳክቷል። ሁሉም ወጥተው ቢሆን ደግሞ የቀሩት 27 ብቻ ናቸው፤ 59 በመቶ ገደማ። እውነቱ በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሆነ ቦታ ነው። ክፍተቱ መስፋቱ ያስደነግጥ ይሆናል፤ ነገር ግን 87 የሚለውን አንድ ቁጥር ይዞ ከመቆም ይልቅ ይህ ክፍተት ለሥራ አስኪያጅዎ የበለጠ ይነግራቸዋል፤ ለክትትል የሚመድቡት ገንዘብ እንደሚያንስ ያሳያቸዋልና።

ክፍተቱን ማጥበብ ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ሀንሰንና ሁርዊትስ የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ለመጠይቅ መልስ ያልሰጡ ሰዎች ጉዳይ አስቸግሯቸው አንድ ቀላል መላ አቅርበው ነበር፦ ካልመለሱት መካከል ጥቂቱን በዕጣ ምረጥና እግርህ እስኪነቃ ፈልጋቸው። እርስዎም የ15ቱን ስም በወረቀት ቆራርጠው አምስት ያውጡ። ያወጧቸውን አምስቱን በስልክ ሳይሆን በእግር ይፈልጉ፤ በቀበሌው፣ በእድሩ ዳኛ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በጎረቤት። ከአምስቱ ሁለቱን ቤታቸው ካገኟቸው ከ15ቱ ስድስት ያህሉ ቤታቸው ናቸው ብሎ መገመት ይቻላል፤ 27 ሲደመር 6፣ 33 ከ46፣ ወደ 72 በመቶ ይመጣል። አምስት ሰው ጥቂት ስለሆነ ግምቱ ሻካራ ነው፤ ለሁሉም 15ቱ መሄድ ከቻሉ ዕጣውን ይርሱትና ይሂዱ። ጥብቅ ማሳሰቢያዬ አንድ ነው፤ ዕጣው የሩቅ ሰው ስም ቢያወጣ አይቀይሩት። ቱላ ያለ ቤት በባጃጅ ደርሶ መመለስ ይቀላል፤ ወላይታ ገጠር ውስጥ ያለውን ፍለጋ አንድ ቀን ሙሉ ይበላል። ቅርብ ቅርቡን ከመረጡ ግን ዕጣ ማውጣቱ ከንቱ ድካም ሆነ።

ስልክ አንስተው «ቤት ነው» ያሉትን 27 ቤተሰቦችም እንዲሁ አልቀበላቸውም። የደወሉላቸው እርስዎ ነዎት፤ ልጁን ያመጡላቸው፣ ደብተርና ዩኒፎርም የገዙ፣ ምናልባትም ለእናትየው መነሻ ገንዘብ ያሰጡ። እንዲህ ያለ ሰው ደውሎ «ልጁ እንዴት ነው?» ሲል «ወጥቶብኛል» ማለት ለእናት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የውጭ አገር መማሪያዎች ይህን ማኅበራዊ ተቀባይነትን መሻት ብለው በአንድ አንቀጽ ያልፉታል፤ እኛ ይሉኝታ የሚባል ሙሉ ሥርዓት አለን። እርዳታው ይቋረጥብኛል የሚል ስጋት ሲታከልበት ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። መፍትሔው ጠያቂውንና ጥያቄውን መለወጥ ነው። ጠያቂው በዚያ ቤተሰብ ጉዳይ ያልሠራ ሰው ይሁን። ጥያቄውም ከአስተያየት ወደ ድርጊት ይውረድ፤ «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ሳይሆን «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ስንት ሰው አደረ? እነማን?» ይባል። ከዚያም ልጁን ራሱን ማየት፣ ካልሆነም የክፍሉን ኃላፊ መምህር መጠየቅ።

ሌላው የ87 ችግር ጊዜ ነው፤ ይህን ብዙዎች አያዩትም። ባለፈው ዓመት መስከረም የተመለሰ ልጅ ቤቱ ከዓመት በላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬ ወር የተመለሰው ግን ገና እንግዳ ነው፤ ዶሮ የታረደለት ሳምንት ሩቅ አይደለም። ሁለቱን «ቤት ያለ» ብሎ አንድ ላይ መቁጠር አዲስ ልጆችን በመለስን ቁጥር ስኬታችን ከፍ ያለ እንዲመስል ያደርጋል። ስለዚህ ስኬት ለሚለው ቃል ድንበር ያብጁለት፤ ለምሳሌ «ከተመለሰ በስድስተኛው ወር ቤቱ የሚያድር ልጅ»። ስድስት ወር ያልሞላቸውን በሌላ መስመር ይጻፏቸው፤ ጊዜያቸው ሲደርስ ይቆጠራሉ። ከ46ቱ ስድስት ወር የሞላቸው 30 ብቻ ቢሆኑ መቶኛው የሚሠራው ከ30 ነው። በተቻለ መጠን የወጣበትንም ሳምንት ይመዝግቡ። አብዛኞቹ የሚወጡት በሁለተኛው ወር መሆኑን ካዩ የክትትል ጉብኝቱ መቼ መጥበቅ እንዳለበት ያውቃሉ፤ ለዚህ ኤስፒኤስኤስ አያስፈልግም፤ የተሰመረ ደብተር ይበቃል።

ስለ 385 እንነጋገር። ይህች ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ከመጠን በላይ ስለምትገኝ ከየት እንደመጣች መናገር ተገቢ ነው። በጣም ብዙ ሕዝብ ውስጥ አንድ ነገር ምን ያህል እንደተስፋፋ ለመገመት የሚያገለግል ቀመር አለ፤ 1.96 (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ መጠኑ ስለማይታወቅ ግማሽ በግማሽ ተብሎ 0.5 በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 (የምንታገሠው የ5 በመቶ ስሕተት) ካሬ ሲካፈል 384.16 ይሰጣል፤ ወደ ላይ ሲጠጋ 385። ላልተገኙ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 423 ከፍ ትላለች፤ እርስዋንም በየጽሑፉ አይተዋት ይሆናል። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ትክክል የሚሆነው ግን ከማያልቅ ሕዝብ ጥቂቱን ቀድቶ ስለ ቀሪው መናገር ለሚፈልግ ሰው ነው። የሐዋሳን ነዋሪ በሙሉ የሚያጠና ሰው ይጠቀምበት። እርስዎ የሚያጠኑት ማእከልዎ የመለሳቸውን ልጆች ነው፤ እነርሱም 46 ናቸው፤ አርባ ሰባተኛ የለም። ብዙ ተማሪዎች የሚወዱትን፣ ቁጥሩ ለታወቀ ሕዝብ የናሙና መጠን የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር እንኳ ብንወስድ፣ 46ን ለ1.115 ስናካፍል 41.3 ገደማ ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲጠጋ 42። አራት ልጆችን ለመተው ሲባል ቀመር! ሁሉንም ይዩ። ይህ ናሙና አይባልም፤ ሙሉ ቆጠራ ይባላል፤ ፕሮፖዛልዎ ላይም በዚሁ ስም ይጻፉት። አማካሪዎ ያነሡት ስጋት ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። በ46 ልጆች ላይ ተመሥርተው በአገሪቱ ስላሉ የጎዳና ልጆች ሁሉ ልናገር ካሉ ልክ ናቸው፤ አይቻልም። ወንድና ሴት፣ ትንሽና ትልቅ፣ ከከተማና ከገጠር እያሉ 46ቱን ቢከፋፍሏቸውም በየሳጥኑ የሚቀሩት ሦስትና አራት ልጆች ስለሚሆኑ ከዚያ የሚወጣ መቶኛ ትርጉም የለውም።

ሁለት ኮርስ ወስደው ከሥራዎ ጋር ያላገናኙት በእርስዎ ስንፍና አይደለም። የሶሻል ወርክ ትምህርት በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ተመለሰ። በእኔ ግምት በዚያ መካከል የተቋረጠው የመማሪያ ክፍሉ ብቻ አልነበረም፤ ሜዳ ላይ አብሮ ቆሞ «ይህን ለምን አልመዘገብሽም?» የሚል ነባር ተቆጣጣሪ የሚተካበት ሰንሰለትም ነው። ስለዚህ ዘዴው ከመጽሐፍ ይማራል፤ ሥራው ከጓደኛ ይለመዳል፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። ደግሞ ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ አሜሪካ ውስጥ ጆኤል ፊሸር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 በግለሰብ ደረጃ የሚሰጥ የሶሻል ወርክ አገልግሎት ይጠቅማል ወይ ብሎ የነበሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲያይ፣ መጥቀሙን የሚያሳይ ማስረጃ አጣሁ ብሎ ሙያውን አንቀጥቅጦት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ባለሙያው የራሱን ሥራ ራሱ እንዲለካ መወትወት የበረታው።

«ቃለ መጠይቅ ይቀለኛል?» ብለዋል። አይቀልዎትም። የአንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ንግግሩ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ከሆነ ትርጉሙ ሌላ ግማሽ ቀን ይጨምራል። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ አለ። «12 ሰው ይበቃል» የሚል ወሬም ሰምተው ይሆናል። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር በተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ነው፤ በዚያ ጥናት አዲስ ሐሳብ መምጣቱ ከ12ኛው ቃለ መጠይቅ ወዲህ ማነሱ ታየ እንጂ 12 ሕግ ነው አልተባለም። ተመሳሳይ ሰዎችን ስለ ጠባብ ጉዳይ ለሚጠይቅ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ የእርስዎ ቤተሰቦች ግን እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ሒሳብ ሽሽት ወደዚህ የሚመጡ ተማሪዎች መጨረሻ ላይ «ከተጠያቂዎቹ 60 በመቶው» እያሉ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ የሸሹት ሒሳብ ተከትሏቸው መጣ ማለት ነው።

ቃለ መጠይቁ የሚያስፈልግዎ በሌላ ምክንያት ነው። ቆጠራው ስንት ልጆች ተመልሰው እንደወጡ ይነግርዎታል፤ ለምን እንደወጡ ግን አይነግርዎትም። የወጡትን ልጆች ደግሞ እርስዎ ከማንም በላይ ያገኟቸዋል፤ አንዳንዶቹ ዳግመኛ ማእከሉ በር ላይ ይቆማሉ፤ ሌሎቹን አሞራ ገደል ወይም መናኸሪያው አካባቢ ያውቋቸዋል። ተመልሰው የወጡትን ብቻ ግን አይጠይቁ። «እንጀራ አባቴ መታኝ» የሚል ልጅ አግኝተው የእንጀራ አባት ጭካኔ ነው ምክንያቱ ከማለትዎ በፊት፣ እንጀራ አባት ባለበት ቤት ጸንተው የቀሩትን ልጆችም ይጠይቁ። ምናልባት እዚያ ቤት የሚለየው አያት መኖሯ ይሆናል።

መለኪያ ሲመርጡ ቋንቋው ላይ ይቁሙ። የእናቶችን የስሜት ሁኔታ ለመለካት ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን፣ ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድብርት መጠይቅ ሊጠቀሙ ያስቡ ይሆናል፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱም ከ0 እስከ 27 ነው። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ትርጉሙ ግን በችኮላ የሚሠራ ከሆነ ያሳስታል። «ድብርት ተሰምቶዎታል?» ብለው የከተማ ወጣት ቢጠይቁ «አዎ፣ በጣም» ሊልዎት ይችላል፤ እርሱ የሚናገረው ሰፈሩ እንደሰለቸው ነው። በሲዳምኛ ሲጠይቁም በቦታው ያገኙትን ሰው ወዲያው አስተርጓሚ አያድርጉ፤ በተለይ የቀበሌ ሠራተኛን ወይም የቤተሰቡን ዘመድ። አንድ ሰው ወደ ሲዳምኛ ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። ደግሞም የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። «አዎ» ለምትል እናት በዚያው ቀን ምን እንደሚያደርጉ፣ ወዴት እንደሚልኳት፣ ማን አብሯት እንደሚሄድ ሳይወስኑ ያን መጠይቅ ከቦርሳዎ አያውጡት።

የቤተሰቡን አመጋገብ የሚለኩ ከሆነ የቀን መቁጠሪያውን ይዩ። በትናንትናው ቀን የተበሉትን የምግብ ዓይነቶች የሚቆጥሩት መለኪያዎች ሥጋ፣ እንቁላልና ወተትን ለየብቻ ይቆጥራሉ። መነሻውን በዐቢይ ጾም፣ ውጤቱን ከፋሲካ በኋላ ከለኩ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች አመጋገብ በሁለት ወር ውስጥ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይሻሻላል፤ እዚያው ግቢ የሚኖሩት ፕሮቴስታንቶች ግን ባሉበት ይቆማሉ። ፕሮጀክቱ ለአንዱ ሃይማኖት ብቻ የሠራ ይመስላል። ፈገግ ያሰኛል፤ ሪፖርት ላይ ሲወጣ ግን አያስቅም።

አሁን ወደ ዕለት ሥራዎ ወደሚገባው ዘዴ ልምጣ። ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚሠራ የምርምር ንድፍ አለ፤ አንዱን ሰው በተደጋጋሚ መለካት ነው። በመጽሐፍ የነጠላ ጉዳይ ንድፍ ይሉታል። ጥቅምት ላይ ተመልሶ ትምህርት የገባ ልጅ አለዎት እንበል፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ በየሳምንቱ ቤቱን ልትጎበኙ፣ ለእናቱም መነሻ ገንዘብ ልትሰጡ ወስናችኋል። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ «መነሻ ለመለካት እርዳታውን ማዘግየት አለብን?» ብለው ይጨነቃሉ። አያዘግዩ። መነሻው ተጽፎ ተቀምጧል፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ስም መጥሪያ ውስጥ። እርስዎ ከመጀመርዎ በፊት በነበሩት ሳምንታት ልጁ ከአምስት ቀን ስንቱን ቀን እንደተገኘ ቆጥረው በካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ ያስቀምጡ፤ ቢያንስ አምስት ነጥብ ይኑርዎ፤ ስምንት ካገኙ ይበልጣል። ከዚያ ጉብኝቱ የጀመረበት ሳምንት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው ቀጣዮቹን ሳምንታት ይጨምሩ። ቀድሞ 3፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ሲል የነበረ ልጅ ከመስመሩ ወዲህ 4፣ 4፣ 5፣ 4፣ 5 ካለ ስሌት ሳያስፈልግ ዓይን ያየዋል። ከመስመሩ በፊትም 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ሲወጣ ከነበረ ግን ልጁ እርስዎ ሳይደርሱለት ራሱ እየተሻሻለ ነበር፤ ምስጋናውን ለራስዎ አይውሰዱ። አንድ የመነሻና አንድ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ የያዘ ሪፖርት እነዚህን ሁለት ልጆች ሊለያቸው አይችልም።

ቁጥር የሌለው ጉዳይ ሲገጥምዎ፣ ኪረሱክና ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት የግብ መድረሻ መለኪያ ይረዳዎታል። ሥራው ሳይጀመር ለዚያ ልጅ አምስት ደረጃ ይጻፋል፦ የሚጠበቀው ውጤት 0፣ ከዚያ የተሻሉት +1 እና +2፣ ያነሱት −1 እና −2። ከእናቱ ጋር ሲጣላ ከቤት ለሚወጣ ልጅ፣ 0 ማለት «ከተጣላ በኋላ ወጥቶ እዚያው ሰፈር አክስቱ ቤት ያድራል»፣ −2 ማለት «ሳይናገር ጠፍቶ ከሦስት ቀን በላይ ይቆያል» ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ደረጃ ማንም ሰው አይቶ «አዎ ሆኗል፣ አልሆነም» ሊለው በሚችል ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ደረጃውን የሚጽፈውና በመጨረሻ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ፈተና አውጪውም አራሚውም ተፈታኙ ሆነ ማለት ነው፤ የሥራ ባልደረባዎ ይስጥልዎት።

ይህ ዘዴ ሁሉን አይፈታም። የአንድ ልጅ ነጥቦች ሽቅብ ስለወጡ ያወጣቸው የእርስዎ ጉብኝት ነው ማለት አይቻልም፤ በዚያው ሳምንት አባት ሥራ አግኝቶ፣ ትምህርት ቤቱ ምገባ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከነጥቦቹ ሥር በየሳምንቱ ቤቱ ውስጥ የሆነውን በአንድ መስመር ይጻፉ። በተለያየ ወር የተጀመሩ ሦስትና አራት ልጆች ሁሉም ጉብኝቱ በጀመረበት ሳምንት ላይ ከተለወጡ ክርክርዎ ይጠነክራል። ተራ የሚጠብቁ ልጆችን ማነጻጸሪያ የማድረግ ሐሳብም ይመጣልዎት ይሆናል፤ ይጠንቀቁ። እናንተ አስቀድማችሁ የምትወስዱት ችግሩ የባሰበትን ከሆነ ሁለቱ ወገኖች ከመጀመሪያው አይመሳሰሉም።

ፈቃድን በተመለከተ ልል የምለው ጥብቅ ነው። እነዚያ ፋይሎች የተከፈቱት ለአገልግሎት ነው። የሥራ አስኪያጅዎ ፊርማ ፋይሉን ለሥራ ያስነብብዎታል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አይበቃም። የዩኒቨርሲቲዎን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ያግኙ፤ ከተሰበሰበ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። አሳዳጊው ይስማማ፣ ልጁም በራሱ አፍ ይስማማ፤ እንቢ ያለ ቤተሰብ ከእርዳታው ምንም እንደማይቀነስበት አስቀድመው ይንገሩት፤ የሚነግረውም ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው ባይሆን ይመረጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ በፍላሽ ይዞ መዞር እንደ ድሮው ቀላል ነገር አይደለም፤ የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላውም የበለጠ ጥበቃ አለው። ስም መሰረዝ ብቻውን አያድንም። «የ13 ዓመት ወንድ ልጅ፣ አባቱ ዓሣ አስጋሪ የነበረ፣ በቃጠሎ ፊቱ የተጎዳ» ብለው ቢጽፉ ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ስሙን ይነግርዎታል።

የማዝዎት እንግዲህ ይህን ነው። ለሥልጠናው ያሰቡትን ገንዘብ ለትራንስፖርት ያድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት 46ቱን በአንድ ሠንጠረዥ ያስፍሩ፦ የተመለሰበት ቀን፣ ስድስት ወር የሚሞላበት ቀን፣ የተረጋገጠበት መንገድ፣ የመጨረሻው ሁኔታ። የኮሚቴው ፈቃድ እስኪመጣ ይህ የማእከሉ የራሱ የክትትል ሥራ ስለሆነ ማንም አይከለክልዎትም። ቀጥሎ የጠፉትን 15 ይፈልጉ። ከዚያ ሁለት ልጆች፣ ሁለት ብቻ፣ መርጠው ለ16 ሳምንታት በነጥብ ይከተሏቸው፤ ሦስተኛ ልጅ አይጨምሩ፤ በሥራ ብዛት ሁሉንም ይተዉታልና። የመመረቂያ ጽሑፍዎ የ46ቱ ሙሉ ቆጠራ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ከሚሆኑ ቤተሰቦች ቃለ መጠይቅ ጋር ይሁን፤ ግማሹ ልጁ ጸንቶ ከቀረበት፣ ግማሹ ተመልሶ ከወጣበት ቤት። አማካሪዎ አሁንም 385 ካሉ፣ የቀሩትን 339 ልጆች ማእከሉ ገና እንዳልመለሳቸው በትሕትና ያስረዷቸው።

ሪፖርቱን ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ያርሙት። 87 በመቶ የሚለውን ሰርዘው እንዲህ ብለው ይተኩት፦ «46 ልጆች ወደ ቤተሰብ ተመልሰዋል። 31 ቤተሰቦች በስልክ ተገኝተዋል፤ 27ቱ ልጁ ቤት እንዳለ ተናግረዋል፤ 4ቱ ወጥቷል ብለዋል። 15 ቤተሰቦች አልተገኙም፤ ፍለጋው ተጀምሯል።»